የጠላቷ የክርስትና ስም

ከደብሩ በር ወደ አራዳ በሚወርደው መንገድ ላይ ሐረገወይን የነዋየ ቅድሳት ሱቅ አላት። ጧፍ፣ ዕጣን፣ መቋሚያ፣ የአንገት መስቀል፣ ለንግሥ የሚዘረጋ ባለ ዘርፍ ጥላ ትሸጣለች፤ የሰፈሩን ወሬ ደግሞ ትመርቃለች። ሃምሳ ዓመት ካለፋት ቆይቷል። ባሏ ሞቷል፣ ልጆቿ አግብተው ባሕር ዳር ገብተዋል። ጾም አትገድፍም፣ ኪዳን አያመልጣትም፤ በቅዳሴ ጊዜ በሴቶች በኩል የፊተኛው ቦታ የእሷ ነው። የማታውቅ እንግዳ መጥታ እዚያ ብትቆም ሐረገወይን ክፉ ቃል አይወጣትም፤ ስግደት ላይ ሲደርሱ በክርኗ ታስረዳታለች እንጂ።

እንዲህ ያለች ሴት ጠላት ሊኖራት አይገባም ነበር። ግን ነበራት።

እናኑ ትባላለች። አገሯ ከሊማሊሞ ቁልቁለት ማዶ ዛሪማ ነው። በጦርነቱ ጊዜ ነፍሷን ብቻ ይዛ ወጥታ ጎንደር የቀረች፣ ምላሷም እጇም ፈጣን የሆነ ሴት ናት። መጀመሪያ ደጀ ሰላሙ አጠገብ መሬት ላይ ጧፍ ዘርግታ ትሸጥ ነበር። ያኔ ሐረገወይን ታዝንላት ነበር፤ መሬት ላይ ለተቀመጠ ሰው ማዘን አይከብዳትም። እናኑ ከመሬት ተነሥታ፣ አንድ ሱቅ ብቻ በመሀል አድርጋ፣ የራሷን በር በከፈተች ጊዜ ግን ሐዘኑ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ።

ጦሱ የመጣው በጥላ ነው። ደብሩ ለዓመቱ ንግሥ አዲስ ጥላ ሲያሠራ፣ ሁልጊዜ ሐረገወይን ጋ ይመጣ የነበረው ሥራ ወደ እናኑ ሄደ። ታቦቱ ሲወጣ፣ ሕዝቡ እልል ሲል፣ ሐረገወይን አንጋጣ አየችና ጎረቤት ሁሉ በሚሰማው ሹክሹክታ «ዘርፉ የሙሽራ ማኪና ጌጥ ነው» አለች። ቃሉ ከታቦቱ ቀድሞ ደብሩን ዞረ። እናኑም በሰማች ጊዜ «የእሷ ጧፍ እንደ አይሱዙ ነው የሚያጨስ። ቅዱሳኑ በሥዕላቸው ላይ ሆነው ያስላቸዋል» ብላ መለሰች።

ከዚያ ወዲያ ሐረገወይን ድምፅ ማጉያ ገዝታ በሩ ላይ ሰቀለች። በማግስቱ እናኑ የሚበልጥ ሰቀለች። በአንዱ በኩል ስለ ትሕትና ይዘመራል፣ በሌላው በኩል ስለ ፍቅር ይዘመራል። መሀል ላይ ያለችው ራቢዓ ናት፤ ከአያቶቿ ጀምሮ ቤተሰቧ በዚያች ሱቅ ጨርቅ የነገደ እስላም ሴት። ሻሽ ሊገዛ የመጣ ደንበኛዋን በጣት ምልክት ታነጋግራለች።

«ሐረጌ፣ አላህ ያሳይሽ፣ ፍቅራችሁ ጆሮዬን ደፈነው» ትላለች።

«እሷ ትቀንስ» ትላለች ሐረገወይን።

«እሷም ያንኑ ነው የምትል።»

ሐረገወይን ጠዋት ሱቋን እንደከፈተች ዳዊት ትደግማለች። እስከዚህ ድረስ ሸጋ ነው። የጠላት ነገር ከሚነሣበት ስፍራ ስትደርስ ግን ድምፅዋን ከፍ፣ ፊቷን ወደ እናኑ በር መለስ ታደርጋለች። እንዲያ ስታደርግ ክረምቱ አለፈ። በክረምቱ መሀል የእናኑ ሱቅ ብዙ ቀን ተዘግቶ ከረመ፤ ታማለች ተባለ። ሐረገወይን ሄዳ አልጠየቀቻትም። የምስጋና ጧፍ ግን አበራች፤ ያውም ከጥሩው፣ ከማያጨሰው። በመስከረም እናኑ ከስታ፣ ነገር ግን ድና መጣች። ገበያዋ ጭራሽ ደራ።

ይህን ጊዜ ሐረገወይን ወደ ንስሐ አባቷ ወደ አባ ፍቅረ ማርያም ሄደች። አባ ሽማግሌ ናቸው፤ ነገር አያበዙም።

«አባ፣ ጸሎቴ አልደርስ አለኝ።»

«ምን ብለሽ ጸለይሽ?»

«እናኑን ከአጠገቤ እንዲነቅልልኝ።»

አባ ጢማቸውን አሹ። «እንግዲህ ንስሐሽ ይህ ነው። በየቀኑ ለእናኑ ትጸልያለሽ።»

«እየጸለይሁ ነው እኮ አባ!»

«በእሷ ላይ አይደለም። ለእሷ ነው።»

ሐረገወይን ደነገጠች። ስግደት ይስጡኝ ብላ ለመነች፤ ጉልበቷን ያማታል፣ ግን ትሰግዳለች። ጾም ይጨምሩብኝ አለች። አባ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጌታ ጠላቶቻችሁን ውደዱ ያለው ጠላት ላላቸው ሰዎች መሆኑን፣ ወዳጅማ ለመውደድ ወንጌል እንደማያስፈልግ ነገሯት። ሐረገወይን ቃሉን ታውቀዋለች። ሱቋ ውስጥ በክፈፍ አድርጋ ትሸጠዋለች።

«እሺ፣ ‹ልቦና ይስጣት› ልበል?»

«አይሆንም። እሱ ስድብ ነው።»

«‹እንደ ሥራዋ ይስጣት›ስ?»

«እሱ ደግሞ እርግማን ነው።»

«ታዲያ ምን ልበል?»

«የጎደላትን ለምኝላት።»

«እሷን ምን ይጎድላታል? የጎደለብኝስ እኔ!»

«ምን እንደጎደላት ፈልጊያ።»

ሐረገወይን አንድ ማምለጫ ቀርቷት ነበር። «አባ፣ የክርስትና ስሟን አላውቅም። ጎንደር ውስጥ ስንት እናኑ አለች! ጸሎቱ ተሳስቶ ሌላ ቤት ቢገባስ?»

አባ መስቀላቸውን አሳልመዋት ተነሡ። «እንግዲያው ሂጂና ስሟን እወቂ» አሉ።

በእኛ አገር የክርስትና ስም እንደ ባንክ የምስጢር ቁጥር ነው፤ ማንም ለማንም አይሰጥም። ሐረገወይን ራቢዓን ላከቻት።

«እኔ ምኑን አውቄ የክርስትና ስም ልጠይቅ?» አለች ራቢዓ።

«ስለማታውቂ እኮ ነው። አንቺን አትጠረጥርም።»

ራቢዓ ሄደች፤ ብዙም ሳትቆይ ተመለሰች። «ማን ላከሽ አለችኝ። መዋሸት አልችልበትም። ስሜን ለጠንቋይ ልትሰጥ ነው ብላ በሯ ላይ ጠበል እየረጨች ነው።»

«ለጠንቋይ! እኔ!» ሐረገወይን እንባዋ መጣ። ከልቧ ተቆጣች። ጠንቋይ ቤት ለመሄድ ያሰበችው አንድ ጊዜ ብቻ ነበር፤ እሱንም የሚያውቃት ሰው በሩ ላይ ስላየች ትታው ተመልሳለች።

የእናኑ ድምፅ ማጉያ ያን ቀን ከወትሮው በረታ። ሐረገወይንም እልህ ያዛት። ስሟን ካልነገረችኝ አገሯ ይነግረኛል አለች። ለጧፍ የሚሆን ጥሩ ሰም ከቆላ ይመጣል ሲባል ትሰማ ነበርና ሰም ልገዛ ነው ብላ ሱቋን ዘግታ፣ በሌሊት ሚኒባስ ተሳፍራ ወደ ዛሪማ ወረደች።

ከደባርቅ አልፈው የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ሲይዙ ሐረገወይን ዓይኗን ጨፈነች። ገደሉ በአንድ በኩል፣ የሹፌሩ ስልክ በሌላ በኩል። በየመታጠፊያው አንድ ሰው ይቅር አለች፤ ያታለላትን ነጋዴ፣ ያልዘመደቻትን ምራት፣ በመጨረሻም እናኑን። ሜዳው ላይ ሲደርሱ ዓይኗን ገልጣ፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ይቅርታዋን አንድ በአንድ መልሳ ወሰደች።

ዛሪማ ሙቀቷ ያፍናል። የእናኑን እናት ቤት ማግኘት አልቸገራትም፤ እማማ ብርቄ ቢባል የማያውቅ የለም። አሮጊቷ በረንዳ ላይ ማሽላ ይለቅማሉ፤ ዓይናቸውን የሞራ ግርዶሽ ስለያዘው የሚለቅሙት በጣታቸው ነው። ሐረገወይን የመንገደኛ ደንበኛ ነኝ ልትል ተዘጋጅታ ነበር። ነገር ግን «ማነሽ ልጄ?» ሲሏት አፏ አመለጣት።

«ከጎንደር ነኝ። ሐረገወይን እባላለሁ።»

ሰፌዱ ወደቀ። ማሽላው ተበተነ።

«ሐረገወይን! የኔ ልጅ! ምነው ሳትልኩብን! አዳነ! ኧረ አዳነ! የእናኑ እህት መጣች!»

ወንድማቸው አዳነ ከጓሮ እየሮጠ መጣ፤ ትልቅ ሰው ነው፣ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። ሐረገወይን «ኧረ አያ አዳነ፣ ይቀመጡ» ከማለቷ እግሯ ውኃ ውስጥ ገባ። ዶሮ ታረደ። ጎረቤት ተጠራ። እማማ ብርቄ እጇን አልለቅ ብለው ያወሩ ጀመር።

«በስልክ ሁሌ ያንቺን ነው የምትነግረኝ። ‹እማዬ፣ አታስቢ፣ ሐረገወይን አለችልኝ› ትለኛለች። ክረምት ታማ በወደቀች ጊዜ አጥሚት እያፈላሽ ያስታመምሻት አንቺ አይደለሽም? ሱቅ ስትዘጉ አብራችሁ ነው የምትሄዱ። አይ ልጄ! ያንቺን ውለታ በምን እከፍላለሁ!»

ሐረገወይን የዶሮውን ብልት በእጇ እንደያዘች ቀረች። አጥሚት! በዚያ ክረምት ያበራችው ጧፍ ትዝ አላት።

አሮጊቷ ቀጠሉ። እናኑ የሠራችው ቤት በጦርነቱ ተቃጥሏል። ባሏ ለሥራ ወደ ሁመራ እንደወረደ ድምፁ ጠፍቷል፤ ይሙት ይኑር የሚያውቅ የለም። ሐረገወይን ይህንን ነገር በሌላ መልኩ ነበር የምታውቀው። «ባሏ ከምላሷ ሸሽቶ ነው» ብላ አራዳን ያስወራችው እሷ ራሷ ናት። አሁን በዚያው አፏ የባልየውን ፎቶግራፍ እንድትስም ሰጧት። ሳመችው።

በማግስቱ ሊሸኟት ሲወጡ ስሙን መጠየቅ እንኳ አላስፈለጋትም። እማማ ብርቄ ፊታቸውን ወደ ሰማይ አንሥተው መረቁና «ወለተ ሚካኤልን አደራ። ከሚካኤል ቀጥሎ ባንቺ ላይ ነው የጣልኳት» አሉ። አንድ ጀሪካን ማር አሸከሟት። ሰም መግዛቱን ረሳችው።

ሚኒባሱ ውስጥ ግን፣ ዳገቱን ሲወጡ፣ ሐረገወይን ወደ ልቧ ተመለሰች። በእጇ የገባው እኮ ስም ብቻ አይደለም። እናኑ ለእናቷ የምትዋሽ፣ የሌላትን እህት በስልክ የምትፈጥር ሴት መሆኗን ይዛለች። «እህት ብታጪ ጠላትሽን በስልክ ዘመድ ታደርጊያለሽ?» የምትል ስድብ አዘጋጀች። ደባርቅ ላይ አሻሻለቻት። ዳባት ላይ ጨርሳ ሳለቻት።

ጎንደር እንደገባች ጀሪካኑን ይዛ እናኑ ሱቅ ገባች። እናኑ ክዳኑ የታሰረበትን ጨርቅ አየች፤ የእናቷ ቀሚስ ቅዳጅ ነው። ፊቷ ዐመድ መሰለ።

«እናቴ ምን ሆነች?»

«ደኅና ናቸው። ማር ልከውልሻል።»

«አንቺ ዛሪማ ምን ቆርጦሽ ሄድሽ?»

«ሰም ልገዛ።»

እናኑ ጀሪካኑንም ሴትዮዋንም ደጋግማ አየች። ከዚያ ክዳኑን ፈታ ወደ ሐረገወይን ገፋችው። «መጀመሪያ አንቺ ቅመሽ።»

ሐረገወይን ጣቷን እስከ መገጣጠሚያው ነክራ ላሰች። «መርዙ ሸጋ ነው» አለች።

ይህን ጊዜ ራቢዓ ሜትሯን በአንገቷ እንዳንጠለጠለች በሩ ላይ ቆማለች። «የእናኑ እናት ደግሞ አንቺን ከየት አወቁሽ?» አለች።

እናኑ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። ሐረገወይን የተሳለችውን ስድብ ከንፈሯ ላይ አደረሰቻት። ጥሩ ስድብ ነበረች፤ አራዳ ለዓመት የሚያወራት። ከዚያ የእናኑን እጅ አየች። ጨርቁን፣ ያንን የቀሚስ ቅዳጅ፣ ጨምድዳ ይዛዋለች።

«ስለ እኔ ነግራቸው ኖሯል» አለች ሐረገወይን። «ጎረቤቴ ናት ብላ።»

ብላም ወጣች። እስኪመሽ ድረስ፣ ያን የመሰለ ስድብ አባከንሁ እያለች ስትቆጭ ዋለች።

ጸሎቱ ተጀመረ። «ጌታ ሆይ፣ ወለተ ሚካኤልን አስባት። የአይሱዙውን ነገር ግን አልረሳሁትም። ባሏን መልስላት። የእኔን ደንበኛም እንዲሁ መልስልኝ።» እንዲህ፣ እንዲህ ስትል ከረመች። አባ ሲጠይቋት «እየጸለይሁ ነው፣ ግን ምንም አልተሻላትም» አለች። አባ «ጸሎቱን ያዘዝሁት እሷን እንዲያርምልሽ መሰለሽ? ላንቺ ነው እንጂ» ብለው ተዋት።

ከጥምቀት በኋላ አንድ ቀን እናኑ ራሷ ሐረገወይን ሱቅ ገባች። ከዚያ በፊት እግሯ ረግጦት አያውቅም።

«እናቴ ዓይኗን ልትታከም ልትመጣ ነው።»

«ይምጡ። እኔን ምን ቸገረኝ?»

«አንቺ ቤት ነው የማርፍ ብላለች።» እናኑ ይህን የተናገረችው ጧፎቹን እያየች ነው። «የእኔ ክፍል ፎቅ ላይ ነው፤ ደረጃ አትወጣም።»

ሐረገወይን የተደረደሩትን ጧፎች እንደገና አስተካከለች። «እስኪሄዱ ድረስ ብቻ።»

«እስክትሄድ ድረስ ብቻ» አለች እናኑም። ተስማሙ። አልተጨባበጡም።

እማማ ብርቄ መጡ። ድምፅ ማጉያዎቹ፣ አሮጊቷ ለሱቆቹ ቅርብ በሆነው የሐረገወይን ቤት ቀን ይተኛሉና፣ ሁለቱም ጠፉ። ራቢዓ በዚህ ደስታ ለሕመምተኛዋ ሻሽ አመጣች። ምሳ ላይ አሮጊቷ፣ እናኑና ሐረገወይን አብረው ቀረቡ።

«ምነው አትጎራረሱም?» አሉ እማማ ብርቄ። «የጎንደር ሰው እህቱን እንዲህ ነው የሚያበላ?»

ሐረገወይን እንጀራውን ጠቀለለች። ሚጥሚጣውን ከላይ ሳይሆን ከውስጥ አደረገች፤ ከዚያ በእናትነት ፈገግታ አጎረሰች። የእናኑ እንባ ተንዠቀዠቀ። ማልቀሷን አሮጊቷ ሰሙ።

«ምነው ልጄ፣ ታለቅሻለሽ?»

«ደስ... ደስ ብሎኝ ነው እማዬ» አለች እናኑ። ከዚያ ተራው የእሷ ሆነ። የጡጫ ያህል ጉርሻ ጠቅልላ ሐረገወይን አፍ ውስጥ እስከ መጨረሻው ገፋች። ሐረገወይን ለረጅም ጊዜ መናገር አልቻለችም። እናኑ አየቻትና ሳቋ አመለጣት። ሐረገወይንም በሞላ አፏ ሳቀች፤ ትን አላትና ጀርባዋን የመታቻት እናኑ ናት። ከሚያስፈልገው በላይ ጠንከር አድርጋ።

በቀዶ ጥገናው ቀን ሁለቱ በዓይን ሐኪም ቤቱ ኮሪደር አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ማንም የሚያያቸው፣ የሚሰማቸውም የለም፤ ማስመሰል አላስፈለገም። ሰዓቱ ሲረዝም እናኑ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ ማልቀስ ጀመረች።

«ክረምት ታምሜ እያለ» አለች በመጨረሻ፣ «ማንም በሬን አላንኳኳም። ለእናቴ እንዲያ ብዬ መንገር አልሆንልኝ አለ። አንድ ስም ፈለግሁ። የመጣልኝ ያንቺ ነው።»

«ለምን የእኔ?»

«ሁልጊዜ ያንቺን ስም ስጠራ ነው እኮ የምውል። እየረገምሁሽ።»

ሐረገወይን ወደ እሷ ዞረች። ያን ክረምት ስላበራችው ጧፍ ልትነግራት ፈለገች፤ አልቻለችም፤ ያን ያህል ጻድቅ አልሆነችም። ዓይኗን ጨፍና «ወለተ ሚካኤልን» ብላ ጀመረች። ለእናትየዋ ዓይን ለመነች። ለጠፋው ባል ለመነች። ለሚቀጥለው ክረምት ለመነች። አሜን ካለች በኋላ ነው ስለ ራሷ ሳትለምን፣ ስለ አይሱዙውም ሳትከስስ መጨረሷን ያወቀችው። ልድገመው እንዴ ብላ አሰበች፤ ደግሞም ተወችው።

ዓይናቸው ላይ የታሰረው ጨርቅ የተፈታ ዕለት እማማ ብርቄ ልጃቸውን አይተው እልል አሉ። ከዚያ ወደ ሐረገወይን ዞሩ፤ ትኩር ብለው አዩ፤ ብዙ አዩ።

«ድምፅሽ ሸጋ ነው» አሉ። «መልክሽ ግን እንዳሰብሁት አይደለም። ምነው እንዲህ ቋጠርሽው?»

አሮጊቷን ሸኝተው ሲመለሱ እናኑ ይህን ከመናኸሪያው እስከ አራዳ እየደጋገመች ሳቀችበት። አሮጊቷ ሄደዋል፤ ውሉ አልቋል። በማግስቱ ሁለቱም ሱቃቸውን ከፈቱ፣ ድምፅ ማጉያውንም ቀድማ መክፈት አንዷም አልፈለገችም። ቀትር ላይ እናኑ ሳህኗን ይዛ መጣች። ሐረገወይን ወንበሩን ገፋችላት፤ ስለ እናኑ የዕጣን ዋጋ እየተጨቃጨቁ በሉ።

እሑድ ሐረገወይን አባ ፍቅረ ማርያም ዘንድ ሄዳ ደረቷን ነፋ አድርጋ ቆመች። «ፈጽሜያለሁ አባ። አሁን ጠላት የለኝም።»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ አባ። «እንግዲህ የባልሽን እህት ያዢ።»

ሐረገወይን ክው አለች። «ኧረ እሷን ይተዉልኝ አባ! እሷ እኮ የእውነት ክፉ ናት!»

አባ መስቀላቸውን ዘረጉ።

ሐረገወይን እየተቆጣች ወርዳ ነገሩን ለእናኑ ነገረች። እናኑ «ይች ሴትዮ ምን አደረገችሽ?» ብላ ወንበሯን አስጠጋች። ሐረገወይንም ከባሏ ቀብር ጀምራ አወራቻት፤ የአልጋ ልብሱን ነገር፣ በድንኳኑ ውስጥ የተናገረችውን፣ ሁሉንም። ራቢዓም ሜትሯን አስቀምጣ መጣች። ሦስቱ ሆነው ሴትዮዋን ከአናቷ እስከ ጥፍሯ በደንብ አሟት። ሐረገወይን ከእናኑ ጋር ስትስማማ ያን ቀን ያህል ተስማምታ አታውቅም።

«አባ የነገሩሽስ?» አለች እናኑ በመጨረሻ። «አብረን ብንጸልይላት ይቀላል።»

ሐረገወይን አሰበች። ነጠላዋን አጣፋች።

«ከሰኞ እንጀምር» አለች።